ቡድሃ አምላክ ነው? ህንድ ውስጥስ ለምን ጠፋ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ቡድሂስቶች ፈጣሪ የላቸውም ይባላል፣ ግን ሀውልት ፊት ሲሰግዱ አያለሁ። እና ቡድሃ አምላካቸው ነው ወይስ አይደለም? ያ ሆዱ የተነፋ የሚስቀው ሰውዬስ?

መልስ፦ ከሰውዬው እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። ቦርጫሙ ሳቂታ ዋናው ቡድሃ አይደለም፣ ቡዳይ ይባላል፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና ውስጥ ከረጢቱን ተሸክሞ ይዞር ነበር የሚባልለት መነኩሴ ነው። ወደፊት የሚመጣው ቡድሃ በሱ ተገልጦ ነበር ብለው ስላመኑ ነው ቤተመቅደስ የገባው። ዋናው ቡድሃ ሲዳርታ ጋውታማ ግን ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር ሉምቢኒ ላይ የተወለደ የሻክያ ጎሳ ልጅ ነው፣ እሱማ እውነት ፍለጋ ከቤቱ ከወጣ በኋላ ራሱን በረሀብ ሲቀጣ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ ነበር ይባላል፣ ኋላ ነው ይሄም አያዋጣም ድሎትም አያዋጣም ብሎ መሀለኛውን መንገድ የያዘው።

አምላክነቱን በተመለከተ፣ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ አላስተማረም፣ እኔ ነኝም አላለም። ያስተማረው ኑሮ ስቃይ እንዳለበት፣ የስቃዩ ስር ምኞት እንደሆነ፣ ምኞቱ ሲጠፋ ስቃዩም እንደሚጠፋ፣ ወደዚያም የሚያደርስ ስምንት ዘርፍ ያለው መንገድ እንዳለ ነው። ስግደቱም ለመምህሩ ክብር ነው ይሉሃል። ግን እንነጋገር ከተባለ ልጅ ስጠኝ፣ ፈተና አሳልፈኝ ብሎ እጣን የሚያጨስ ምእመን ሞልቷል፣ መጽሐፉና ህዝቡ ሁሌ አንድ አይነት አይሄዱም። የሚገርመው መጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ አመታት ላይ ቀራጮቹ ቡድሃን በሰው መልክ አይሰሩትም ነበር፣ የእግሩን ዱካ ወይ ባዶ ዙፋን ነበር የሚቀርፁት።

ጥያቄ፦ ነፍስ የለም ካሉ ታዲያ ሞቶ ዳግም የሚወለደው ማነው? እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ከ2,000 አመት በፊት ህንድ ውስጥ ይገዛ የነበረው የግሪክ ዘር ንጉስ ሜናንደር ቀድሞሻል፣ ቡድሂስቶቹ ሚሊንዳ ይሉታል። ናጋሴና የሚባለው መነኩሴ ሲመልስለት፣ ከአንዱ ፋኖስ ሌላውን ብትለኩስ እሳቱ ከመጀመሪያው ወጥቶ ሄደ ይባላል ወይ አለው። የሚተላለፈው ሰውዬው ሳይሆን የስራው ውጤት፣ ካርማው ነው ማለቱ ነው። እኔን በግሌ ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም፣ እኔ ያልሆነ ሰው የኔን እዳ ለምን ይከፍላል የሚለው አሁንም ይከነክነኛል፣ ግን መልስ የላቸውም ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ቡድሂዝም ህንድ ውስጥ ተወልዶ ህንዶቹ ለምን ተዉት?

መልስ፦ ብዙ ሰው ሙስሊም ወራሪዎች አጠፉት ብሎ ይጨርሰዋል፣ ግማሹ እውነት ነው። ታላቁ የናላንዳ ገዳም የወደመው 1200 አካባቢ በቱርኮቹ ወረራ ጊዜ ነው። ግን ሹዋንዛንግ የተባለው ቻይናዊ መነኩሴ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን ሲዞር ብዙ ቦታ ላይ የፈረሱና ሰው የሌለባቸው ገዳማት አይቷል፣ ያ ደግሞ ከወረራው 500 አመት በፊት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድሂዝም ቆሞ የነበረው በመነኮሳቱ ነው፣ መነኮሳቱ የቆሙት ደግሞ በሚሰጣቸው እጅ። የህንዱ ንጉስ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት 261 አካባቢ ካሊንጋ የሚባለውን አገር ወግቶ 100,000 ሰው መገደሉን ራሱ ድንጋይ ላይ አስጽፎ ከተጸጸተ በኋላ ትምህርቱን በግዛቱ ሁሉ ደገፈው፣ ሲሪላንካም የገባው ያኔ ነው። በኋላ የመጡት ነገስታት ግን እጃቸውን ቀስ በቀስ ወደ ሂንዱ ቤተመቅደሶች አዞሩ። ተራው ምእመን ደግሞ ድሮም ሰርጉንም ሌላውንም ስርአት በብራህሚኖቹ፣ በሂንዱ ካህናቱ ማለት ነው፣ ነበር የሚያስፈጽመው፣ ጭራሽ ሂንዱዎቹ ቡድሃን የአምላካቸው የቪሽኑ አንዱ መገለጫ ነው ብለው ወሰዱት፣ እና ገዳሙ ሲዘጋ ምእመኑን ለይቶ የሚይዘው ምን ቀረ? ሌላው የህንድ ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮች ጄይኖቹ ግን ከመነኮሳቱ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ምእመን ስለነበራቸው እስከዛሬ እዛው አሉ።

ደግሞ ጭራሽ ጠፋ አይባልም። የህንድን ህገመንግስት በማርቀቅ የሚታወቀው አምቤድካር፣ ራሱ በህንድ የዘር ደረጃ መጨረሻ ላይ ካሉት፣ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ሆኖ፣ ጥቅምት 1956 እ.ኤ.አ. ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ። ዛሬ ህንድ ውስጥ ካሉት ቡድሂስቶች አብዛኞቹ የነሱ ወገን ናቸው።

ጥያቄ፦ መነኮሳቱ ስጋ አይበሉም አይደል?

መልስ፦ እንደየአገሩ ነው። ታይላንድና ሲሪላንካ ያሉት የተሰጣቸውን ይበላሉ፣ ስጋም ቢሆን ለነሱ ተብሎ መታረዱን ካላዩ፣ ካልሰሙ፣ ካልጠረጠሩ ይቻላል፣ ከቀትር በኋላ ግን ምግብ የለም። የቻይናዎቹ ጭራሽ አይነኩም። ቲቤት ደግሞ ከፍታው ላይ አትክልት እንደልብ ስለማይበቅል ስጋው የተለመደ ነው።