ውጤቱን አትጣሉት፦ ከኮንሶል ኮድ ለሚገለብጡ ልጆች

ልጆቼ፣ ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ኮድ የሚደርሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ጓደኛችሁ ከኮንሶሉ (ትእዛዝ ከሚጻፍበትና ውጤቱ ከሚታይበት መስኮት) ላይ እንዳለ ገልብጦ ይልክላችኋል፤ ትእዛዙም፣ ውጤቱም፣ ኤረሩም ተደባልቆ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በእርሻ ሙከራ መረጃ ላይ ነው። ከአዴትና ከመራዊ ማሳዎች የጤፍና የበቆሎ ምርት ቁጥር ይዘው የሚመጡ ወጣቶችን ኮድ ዛሬም አነባለሁ፤ ይህን የምጽፍላችሁም ስለዚያ ነው።

ምልክቶቹን ለዩ። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ኮንሶል ከአዲስ ትእዛዝ ፊት > ይቆማል፤ ትእዛዙ ካላለቀ ቀጣዩ መስመር በ + ይጀምራል፤ ይህ + መደመር አይደለም። ፓይተን በሚባለው ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ >>> እና ... ናቸው። በ [1] የሚጀምር መስመር የአር ውጤት ነው። ቁጥሩም የመስመር ቁጥር ሳይሆን በዚያ መስመር ላይ ያለው የመጀመሪያው ዋጋ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል።

ኮዱን ለማስኬድ እነዚህን ምልክቶች ማንሣት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችሁ ግን ኤዲተር (የጽሑፍ ማረሚያ) ትከፍቱና > የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትሰርዛላችሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ምርቱ >= 20 ኩንታል የሆነውን ማሳ ብቻ እንዲመርጥ በሰብሴት (በአር የመምረጫ ትእዛዝ) ያዘዛችሁት መስመር = 20 ሆኖ ይቀራል። አር ይህን እንደ ስሕተት አይቆጥረውም፤ ማሳዎቹን በሙሉ ይመልስላችኋል። ዋጋ ወደ ቀኝ የሚያስቀምጠው -> ደግሞ መቀነስ ይሆናል። ኤረር ቢሰጣችሁ ደግ ነበር፤ የሚያስፈራው ያለ ኤረር የሚሄደው ነው። ስለዚህ የምትሰርዙት በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን ብቻ ይሁን። በፓይተን ሦስቱን ምልክትና ተከታዩን አንድ ክፍት ቦታ አንሡ፤ ከዚያ ካነሰ ፓይተን ስለ ገቢ አጻጻፉ (መስመሩ ከዳር ገባ ስለ ማለቱ) ይጮኻል፣ ከበለጠ በፎር (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ውስጥ ያለው ሥራ ገቢ አጻጻፉን ሊያጣ ይችላል።

በአማርኛ ማስታወሻ የምትጽፉ ደግሞ ኪቦርዳችሁን መመለስ አትርሱ። በኮማ ፋንታ ፣ ከገባ፣ በ : ፋንታ ፡ ከገባ፣ ዓይን አይለየውም፤ ማሽኑ ግን ይለየዋል። በዎርድ በኩል ያለፈ ኮድም የጥቅስ ምልክቱ ተጣምሞ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካጸዳችሁ በኋላ ውጤቱን አትጣሉት። የአንድምታ መጽሐፍ ያየ ሰው ንባቡና ትርጓሜው ተለይተው እንደሚሄዱ፣ ትርጓሜው ግን እንደማይጣል ያውቃል። እናንተም የውጤቱን መስመሮች ፊት ለፊታቸው # (መስመሩን የማይሄድ ማስታወሻ የሚያደርገውን ምልክት) አድርጋችሁ በቦታቸው ተዉአቸው። ምስክሮቻችሁ እነሱ ናቸው። ኮዱን ስታስኬዱ የእናንተን ቁጥር ከእነሱ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ።

ይህ ማስተያየት የሚረባው ግን በንጹሕ ሴሽን፣ ማለትም ከቀድሞ ሥራ ምንም ባልቀረበት አር ላይ ነው። አር በሚጻፍበት በአርስቱዲዮ ፕሮግራም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ተጭናችሁ አሩን እንደገና አስነሡት፤ የቀድሞ ቴብል (የመረጃ ሠንጠረዥ) ቀርቶ ከሆነም አጥፉት። ጓደኛችሁ የላከላችሁ ቁራጭ ነው፤ ጠዋት የፈጠረው ቴብል እሱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ከትናንት የቀረ በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ቴብል ካለ ኮዱ በእናንተ መረጃ ላይ ይሄድና የእሱ ውጤት ይመስላችኋል። በንጹሕ ሴሽን ግን ቴብሉ እንደሌለ ወዲያው ይነግራችኋል፤ ያን ጊዜ ጠይቁት።

ቁጥሩ ካልገጠመስ? ምክንያቱን ሳታገኙ ወደ ፊት አትሂዱ። የአር እትም ይለያይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 3.6.0 ሳምፕል የተባለው ትእዛዝ ዕጣ የሚያወጣበትን መንገድ ለውጧል፤ ሲዱ (ዕጣው የሚነሣበት ቁጥር) አንድ ሆኖ ዕጣው ሌላ ይወጣል። በ2020 የወጣው 4.0.0 ደግሞ ጽሑፍን በራሱ ወደ ፋክተር (የምድብ ዓይነት መረጃ) መቀየር ትቷል። ማሳ በዕጣ ለሚመድብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከቁጥሩ ጀርባ የትኛውን ዘር ልዝራ ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ አለ። ስለዚህ ኮድ ስትልኩም ስትቀበሉም የእትሙን ቁጥር አብራችሁ ያዙ።

ፓይተን ለዚህ ዶክቴስት የሚባል መሣሪያ አለው፤ >>> ያለበትን ምሳሌ አስኪዶ ከታች ከተጻፈው ውጤት ጋር ራሱ ያስተያያል። ለአር ደግሞ ሪፕሬክስ የሚባል ፓኬጅ (ተጨማሪ መሣሪያ) አለ፤ ከኮንሶል የተገለበጠን ኮድ ከምልክቶቹ የሚያጸዳ ተግባርም አለው። ኢንተርኔቱ ደኅና በሆነበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡት።