ቆዳ ስፌት ለመጀመር ላሰባችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ አንዷ «ለትርፍ ጊዜዬ ቆዳ ሥራ ልጀምር ነው፤ የትኛውን ማሽን ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ደስ ቢያሰኘኝም የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ጎንደር የብራና መጽሐፍ በቆዳ የሚደጎስባት፣ ማኅደር የሚሰፋባት ከተማ ሆና ሳለ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን ከማዕዳችን አራቅነው። ልጆቻችን እንኳን ሊማሩት፣ እንዲጠጉትም አልፈቀድንም። ብዙ እውቀት ከባለሙያዎቹ ጋር አፈር ገባ። የትኛው ቅጠልና ልጥ ቆዳውን እንደሚያለፋ፣ ስንት ቀን እንደሚነከር የሚያውቀውን ሰው ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀውም።

ማሽኑን ተዉት። ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ስለታም ካተር፣ ማስቲሽ፣ ክር፣ የንብ ሰምና ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ከሁሉም ገንዘብ የሚወጣበት ወስፌው ነው።

ቆዳውን ከጫማ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ግዙ። ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ፦ የተሸመነ ጨርቅ ካለው ቆዳ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ቅንጣቢውን አቃጥሉት፤ እውነተኛው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሰው ሠራሹ ይቀልጣል። የበግ ቆዳችን ለጓንት የተመሰገነ ነው፤ ግን ስስና የሚለጠጥ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል። 1.2 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ የፍየል ቆዳ ይሻላል። በላዩ ላይ ጌጥ ልትደጉሱበት፣ ማለትም ተጭናችሁ ልታትሙበት፣ ካሰባችሁ ደግሞ በዕፅዋት የለፋውን ፈልጉ። እሱ ውኃ ሲነካው ይጠቁራል፣ የተጫኑበትንም ምልክት ይይዛል። በክሮም፣ ማለትም በፋብሪካ ኬሚካል፣ የለፋው አይይዝም፤ ሲቆረጥም ውስጡ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው።

በካርድ መያዣ ጀምሩ። ጀርባው 10 በ7፣ ኪሱ 10 በ5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የባንክ ካርድ ወርዱ 8.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከስፌቱ ውስጥ በቂ ቦታ ይተርፋል። ስትቆርጡ በአንድ ጊዜ አትጫኑ፤ ካተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ መልሱት። በኃይል ከተጫነ ቆዳው ይሸሽና መስመሩ ይጣመማል።

አሁን ወደ ስፌቱ። ኪሱን ከጀርባው ግርጌ አስተካክላችሁ፣ የሚገጥሙትን ሦስት ጎኖች (ግራ፣ ቀኝና ታች) በሁለቱም ቆዳ ላይ ማስቲሽ በስሱ ቀቡና ጣት ላይ መያዙን ሲያቆም አጣብቁ። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፣ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ አድርጉ፤ ከዚያ ሁለቱን ቆዳ አንድ ላይ ውጉ። ለየብቻ የተወጋ ቀዳዳ አይገጥምም። ወስፌው ከተጋደመ ከፊት የቀና ስፌት ከኋላ ይዛነፋል።

ሦስቱ ጎን 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክሩ አራት እጥፍ ይፈልጋል፣ ለመርፌዎቹ ጨምሩና 1 ሜትር ቁረጡ። በንብ ሰም አሹት፤ የሻማው ሰም ይፈረካከሳል። በየጫፉ አንድ መርፌ አስገቡና ሁለቱም መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይለፉ። የማሽን ስፌት አንዱ ክር ሲበጠስ ይተረተራል፤ ይህኛው ግን ሁለተኛው ክር ስለሚይዘው ይቆያል። ቅደም ተከተሉን አትለዋውጡ፦ ቀኝ ቀድሞ ከገባ እስከ መጨረሻው ቀኝ ይቅደም፣ አለዚያ ስፌቱ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያጋድላል። ሁለተኛው መርፌ የመጀመሪያውን ክር ከወጋ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የመርፌውን ጫፍ ድንጋይ ላይ አደንዝዙት። ሁለቱን እጅ እኩል ሳቡ፤ ከመጠን ያለፈ ጉልበት ስሱን ቆዳ ይቀደዋል። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመለሱና ቁረጡ፤ ክሩ ናይለን ከሆነ ጫፉን በእሳት ነካ አድርጉት።

የዛሬ ልጆች ለመሸጥ ትቸኩላላችሁ፤ ስፌቱ ሳይቀና ዋጋው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ይህን አልወደውም። ሆኖም ቆዳ ይዞ መታየት የማያሳፍራችሁ ትውልድ ናችሁና ከእኛ ትሻላላችሁ።

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። በዕፅዋት የለፋው ከሆነ በውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ አጥብቃችሁ ስታሹት ያበራል። የክሮሙ ግን አያበራም፣ ብትደክሙም ይቦዝዛል፤ እሱን ቀለም ቀቡት ወይም ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉት። ቀበቶ ያማራችሁ 3 ሚሊ ሜትር የከብት ቆዳ ይዛችሁ ኑ።