«ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» ይባላልን?

ጥያቄ፦ በሀዋሳ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ዝግመተ ለውጥን ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ «ሰው ከጦጣ መጣ የሚለው ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» ይሉኛል። ንድፈ ሐሳብና መላ ምት አንድ ናቸው? «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ስያሜስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃልና። «ዝግመት» ከ«አዘገመ» ጋር የሚዛመድ ነው፤ በግእዝ አናባቢ ስናያይዘው እንደ «ቤተ መጻሕፍት» «ዝግመተ ለውጥ» ይሆናል። ስያሜው ያምራል፤ ቅር የሚለኝ ለውጡ ሁልጊዜ የማያዘግም መሆኑ ብቻ ነው። ባክቴሪያዎች መድኃኒት ሲላመዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እናየዋለን።

«መላ ምት» ምንነቱን ስሙ ይናገራል፤ መላ መምታት፣ ገና ያልተፈተነ ግምት ነው። ንድፈ ሐሳብ ግን ተደጋግሞ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው። ተማሪዎችዎን ያሳሳታቸው «ንድፍ» ይመስለኛል። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ንድፉን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ፣ ቤቱ ገና የለም። ስለዚህ ጆሯችን «ንድፍ» ሲሰማ «ያልተሠራ» ብሎ ይረዳል። በሳይንስ ግን ንድፉ የሚወጣው ለቆመ ቤት ነው። በሽታ በጀርም ይተላለፋል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ «ብቻ» ብሎ እጁን ሳይታጠብ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሐኪም ግን አላውቅም።

የዝግመተ ለውጥን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበው ዳርዊን መጽሐፉን ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ነው። ከዚያ ወዲህ ንድፈ ሐሳቡ የት መቆፈር እንዳለበት ጭምር ሲያመለክት ቆይቷል። በዓሣና በባለ አራት እግር እንስሳት መካከል ያለ ፍጡር የሚፈልጉ ተመራማሪዎች፣ 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን ዐለት መርጠው በሰሜን ካናዳ በረዷማ ደሴት ላይ ለዓመታት ፈለጉ። በዚያው አቆጣጠር በ2004 ቲክታሊክን አገኙ፤ ቅርፊትና ክንፍ ያለው፣ ግን አንገቱን የሚያዞር ዓሣ።

«ከጦጣ መጣ» የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጦጣን፣ ዝንጀሮን፣ ጉሬዛንና ጭላዳን አማርኛ ለይቶ ይጠራል፤ አብረውን ስለሚኖሩ። ቺምፓንዚና ጎሪላ በአገራችን ስለሌሉ የራሳችን ስም አላወጣንላቸውም፤ ጸሐፊዎቻችንም ባገኙት «ጦጣ» ይተካሉ። በሀዋሳው አሞራ ገደል ላይ ምግብ የሚነጥቁን ጦጦች ግን አያቶቻችን አይደሉም። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። ቺምፓንዚ በሴሉ ውስጥ 48 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) ሲኖረው እኛ 46 አለን፤ ሁለት ጥንድ ክሮሞሶሞች የተጋጠሙበት ስፌት በ2ኛው ክሮሞሶማችን ላይ ዛሬም ይታያል። ስለዚህ «ቺምፓንዚ» በውሰት ይግባ፤ በ«መጣ» ፈንታም «ይዛመዳል» ይባል። ውሰት ደግሞ አያሳፍርም፤ በአፋር የተገኘችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት የጥንት ሰው መሰል ፍጡር፣ አርዲፒቴከስ ራሚደስ፣ ስሟን የተዋሰችው ከአፋርኛ ነው፤ «አርዲ» መሬት፣ «ራሚድ» ሥር።

«መላ ምት»ንም ከክፍልዎ አያባርሩት። ቀደምቶቻችን በሁለት እግር መሄድን ለምን ጀመሩ? ጉልበት ለመቆጠብ፣ ፍሬ ለመልቀም ወይስ በእጅ ለመሸከም? እነዚህን መላ ምት ማለት ተገቢ ነው፤ ተማሪዎችዎ እዚያ ላይ ይከራከሩ።