«ተቆጣጣሪ» ነው «ታዛቢ»? ጎራ ለይቶ ሚዲያን የሚከታተል ድርጅት በአማርኛ እንዴት ይገለጽ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። በቀደም ስለ አሜሪካው «ሚዲያ ማተርስ ፎር አሜሪካ» አጭር ማብራሪያ መጻፍ ነበረብኝ። እንዲህ አልኩ፦ «ወገንተኛው የግራ ዘመሞች ሚዲያ ተቆጣጣሪ ቡድን የወግ አጥባቂ ጣቢያዎችን ውሸት አጋለጠ።» አንዱ ባልደረባዬ «ድርጅቱን ሰደብሽው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «አሞገስሽው» አለች። አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ሁለቱን ይሆናል? ለማንም ሳላደላ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ባልደረቦችሽ ልክ ናቸው። የዓረፍተ ነገርሽ መጀመሪያ ይሰድባል፣ መጨረሻው ያሞግሳል። «ወገንተኛው» ብለሽ ገፋሽው፤ «አጋለጠ» ብለሽ ሾምሽው። ስድብና ሙገሳ ስለተደባለቁ ሚዛን አይወጣቸውም። ሁለቱም አድማጭ የየራሱን ይዞ ይሄዳል።

ከ«ተቆጣጣሪ» ልጀምር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር፤ ዓረፍተ ነገርሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቡናውን የምታፈላው ጎረቤቴ ልጇ ባጃጅ ይነዳል። ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደረች «ተቆጣጣሪ ከሆነማ ፈቃድ ይነጥቃቸዋላ!» አለች። ለእሷ ተቆጣጣሪ ማለት መንገድ ዳር ቆሞ ታርጋ የሚመዘግብ፣ የሚቀጣ ሰው ነው። ተሳስታለች? በፍጹም። በአማርኛ ቁጥጥር ሥልጣን አለበት። እኛ አገር ለብሮድካስት ጣቢያ ፈቃድ የሚሰጥም የሚሰርዝም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑንም ያገኘው ከአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ሚዲያ ማተርስ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። ጣቢያዎቹን ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፣ ይጽፋል። አለቀ። ስለዚህ «የሚከታተል» በይው። «ታዛቢ»ም አያስኬድም አልልሽም፤ ግን ታዛቢ ስንል የምርጫ ታዛቢ ይመጣብናል፤ ታዛቢ ደግሞ ገለልተኛ ነው ብለን ነው የምናስበው። እንግሊዝኛውን «ዋችዶግ» ቃል በቃል ወስዶ «ጠባቂ ውሻ» ማለት ግን አይሞከርም። እነሱ ዘንድ ማሞገሻ ነው፤ እኛ ጋ ሰውንም ድርጅትንም ውሻ ብሎ ማሞገስ የለም። «ቡድን» የሚለውንም ተዪው። በዜናችን ውስጥ «ታጣቂ» ከሚለው ቃል ጋር ብዙ ከርሟል። «ድርጅት» ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን «ወገንተኛ» ነው። ወገን እንዴት ያለ ሞቅ ያለ ቃል መሰለሽ! «ወገኖቼ» ብሎ የሚጀምር ሰው ልባችንን ይዞ ነው የሚጀምረው። ታዲያ «ወገንተኛ» ሲሆን ለምን መረረ? ጥፋቱ የቅጥያው አይደለም፤ «ፈረሰኛ» እና «በገነኛ» አይመሩም። ቃሉን የምንጠቀምበት ቦታ ነው ያመረረው። «ወገንተኛ» የምንለው ማዳላት የማይገባውን ሰው ነው። ሐዋሳ ስታዲየም ግቢና ተመልከቺ። ለአንዱ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ያለ አግባብ የሰጠ ዳኛ ወገንተኛ ይባላል። የሐዋሳ ከተማን ማሊያ ለብሶ ሲዘምር የሚውለውን ልጅ ማን ወገንተኛ ይለዋል? እሱ ደጋፊ ነው፤ ማሊያው ይናገራል።

ሚዲያ ማተርስ ማሊያውን አልደበቀም። ራሱን የሚገልጸው ተራማጅ የምርምርና የመረጃ ማዕከል ብሎ ነው። ሥራውም በአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ከወግ አጥባቂው ወገን የሚወጣ የተሳሳተ መረጃን መከታተልና ማረም እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «ወገንተኛ» ስትዪው ያልገባውን ቃል አፈረሰ ብለሽ እየከሰስሽው ነው። ጎራውን ዝለዪው ማለቴ ግን አይደለም። ጎራውን ያልሰማ አድማጭ ደጋፊውን ዳኛ አድርጎ ያዳምጠዋል፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ጎራውን ንገሪ፣ ስም አታውጪለት።

በምን ቃል? «ግራ ዘመም» በጋዜጣ የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አልወደውም። የሚዘምመው ሊወድቅ የደረሰ አጥር ነው፤ ምሰሶው የበሰበሰ ጎጆ ነው። «ቀኝ ዘመም»ም ያው ነው። በዚያ ላይ «ግራ» እኛ ጋ ሸክም አለበት። ጠዋት ከቤት ስንወጣ «ቀኝ አውለኝ» እንላለን፤ ነገር ሲጠፋብን ደግሞ «ግራ ገባኝ»። «ተራማጅ» ይሻላል፣ እሱም ግን ታሪክ አለው። በአብዮቱ ዘመን ተራማጅ ያልሆነ ሁሉ «አድኃሪ» ይባል ነበር፤ ያኔ ወጣት የነበረ አድማጭሽ ያንን ዛሬም ይሰማዋል። መፍትሔው ቃሉን በድርጅቱ አፍ ማኖር ነው፦ «ራሱን ተራማጅ ሲል የሚገልጽ»። እዚህ ላይ አደራ! «ተራማጅ ነኝ ባይ» እንዳትዪ። «ተራማጅ ተብዬው»ም እንዳትዪ። ሦስቱም ላይ ላዩን አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ዘገባ ነው፤ ሁለቱ ሽሙጥ ናቸው።

አሁን ወደ ግሱ። አማርኛ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ አድማጭ የሚይዘውም እሱን ነው። «አጋለጠ» ካልሽ የተባለው እውነት ነው ብለሽ ፈርመሻል። «ውሸት» ካልሽ ደግሞ ዋሾ አለ ማለት ነው፤ ሆን ብሎ እንደተናገረ አንቺ ታውቂያለሽ? በእርግጥ ካላወቅሽ «የተሳሳተ መረጃ» በይ፣ ያንንም «ያለውን» ጨምረሽ። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. የሆነውን እንይ። ሚዲያ ማተርስ የታላላቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ላይ ናዚን ከሚያወድሱ ጽሑፎች ጎን እንደታየ ዘገበ። ኤክስ ደግሞ ድርጅቱ ያንን ሆን ብሎ አቀናብሮታል ብሎ ቴክሳስ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው። እዚህ «ከሰሰ» በቦታው ነው፤ መዝገብ አለው። ሚዲያ ማተርስ አንድ ጣቢያን ሲነቅፍ ግን «ከሰሰ» አይባልም፤ «ተቸ» ወይም «ነቀፈ» ነው። «አጋለጠ» ብትዪ ለድርጅቱ ትፈርጂያለሽ። «አቀናበረ» ብለሽ ብትዘጊው ለኤክስ ትፈርጂያለሽ። «ዘገበ» እና «ብሎ ከሰሰ» ግን ሁለቱንም በየቦታቸው ያስቀምጣሉ።

ስለ ስም አንድ ነገር። የእነዚህን ድርጅቶች ስም ባትተረጉሚ እመክርሻለሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ከወግ አጥባቂው ጎራ የሆነው «አኩሬሲ ኢን ሚዲያ» ሲተረጎም «ትክክለኛነት በሚዲያ» ይሆናል። ከዚያ በአንቺ ድምፅ «ትክክለኛነት እንዲህ አለ» ተብሎ ይሰማል! ስሙን እንዳለ አንብቢው፣ ምን እንደሚሠራ ቀጥለሽ ንገሪ።

እንዳላዳላሽ ለማወቅ እኔ የምሠራበትን ዘዴ ልንገርሽ። ከተቃራኒው ጎራ እኩያውን ፈልጊና በዚያው ልክ ስፊው። የሚዲያ ማተርስ እኩያ «ሚዲያ ሪሰርች ሴንተር» ነው። እንዲህ ሞከርኩት፦

«ሚዲያ ማተርስ ፎር አሜሪካ መቀመጫው ዋሽንግተን የሆነ፣ የመገናኛ ብዙኃንን ሥራ የሚከታተል ድርጅት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ዴቪድ ብሮክ ነው። ራሱን ተራማጅ ሲል ይገልጻል። በዋናነት የሚተቸው ወግ አጥባቂ ጣቢያዎችንና ተንታኞችን ነው።»

«ሚዲያ ሪሰርች ሴንተር መቀመጫው ቨርጂኒያ የሆነ፣ የመገናኛ ብዙኃንን ሥራ የሚከታተል ድርጅት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ብሬንት ቦዜል ነው። ወግ አጥባቂ ነው። በዋናነት የሚተቸው ወደ ሊበራሎች ያደላሉ የሚላቸውን ትልልቅ መገናኛ ብዙኃን ነው።»

ሁለተኛውን ስጽፍ ሁለት ቦታ ተያዝኩ። አንዱን «ራሱን ሲል ይገልጻል» ብዬ ሌላውን በራሴ አፍ «ነው» አልኩት። ይህ አድልዎ ነው፤ «ራሱን ወግ አጥባቂ ሲል ይገልጻል» ብለሽ አርሚልኝ። «የሚላቸውን» ግን አትንኪው። እነዚያ ጣቢያዎች ራሳቸውን ሊበራል አይሉም፤ ያላቸው ድርጅቱ ነው።

በሬዲዮ ስታነቢው አራቱን ዓረፍተ ነገር አትቀጥዪ፤ «ራሱን» ከማለትሽ በፊት ትንፋሽ ውሰጂ።