መርፌውን ፍሪጅ ውስጥ ያዩት ቀን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አምድዎን ሳነብ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። «ድንቡሼ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ያልሞከርኩት ነገር የለም። እራት ትቻለሁ። ጣፋጭ ነገር ትቻለሁ። ጂም ተመዝግቤ ስድስት ወር ሳላቋርጥ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ 14 ኪሎ ቀንሼ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። በዓመት ተኩል ውስጥ 14ቱም ተመልሰው 3 ኪሎ ተጨመረባቸው። ያኔ ማንም ምንም አላለኝም። ሲያዩኝ ብቻ ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር።

ባለፈው ዓመት 104 ኪሎ ደረስኩ። የደም ግፊቴ ከፍ አለ። ስኳርሽም አፋፍ ላይ ነው ተባልኩ። ሐኪሜ ሴማግሉታይድ የሚባለውን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደውን መርፌ አዘዘችልኝ። ከጀመርኩ አሥር ወር ሆነኝ። 16 ኪሎ ቀንሻለሁ። ግፊቴ ወርዷል። ደረጃ ስወጣ ማለክለኬ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝን ግን ልንገርዎት። ሦስተኛው ወር ላይ፣ አንድ ማታ እራት እየበላሁ ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ማንኪያዬን አስቀምጬ አብሬያት ሠራሁ። ስንጨርስ ዞር ብዬ ሳይ ሳህኑ ላይ ግማሹ እንዳለ አለ። ረስቼው ነበር። እኔ በሕይወቴ ምግብ ረስቼ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ የማያቋርጥ ወሬ ነበር። ምን ልብላ፣ መቼ ልብላ፣ አሁን ለምን በላሁ። ያ ወሬ ዝም ብሎ ነበር። ሻወር ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ችግሬ ከጓደኞቼ ጋር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረን ያለን አምስት ሴቶች ነን። መክሳቴን ሲያዩ «ምን አድርገሽ ነው?» አሉኝ። «በእግሬ እሄዳለሁ፣ ማታ ማታ አልበላም» አልኳቸው። ውሸት አይደለም፣ በእግሬ እሄዳለሁ። መርፌውን ግን አላነሳሁም። «ጀግና» አሉኝ። ለእኔ በጣም የምትቀርበኝ ጓደኛዬ እሷም ኪሎ ያስቸግራታል። «እኔም እንዳንቺ ልጀምር» ብላ በየጠዋቱ መሄድ ጀመረች። አራት ወር ሄደች። እኔም «በርቺ» እላት ነበር።

ከወር በፊት እኔ ቤት ተሰብስበን ነበር። አንዷ ውሃ ልትወስድ ፍሪጅ ከፈተች። መርፌው በሩ ላይ፣ ከልጆቹ ሽሮፕ ጀርባ ነበር። በእጇ ይዛው ወደ ሳሎን መጣችና በሁሉም ፊት «በእግር መሄዱ ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልተባልኩት የለም። «እኛ ላባችንን ጠብ እያደረግን አንቺ በአቋራጭ!» አለችኝ አንዷ። «ስታቆሚው እጥፍ ሆኖ ይመለስብሻል» አለችኝ ሌላዋ። «ፊትሽ ረግፏል፣ ለመልክ ብለሽ የስኳር በሽተኞችን መድኃኒት ትሻሚያለሽ» ያለችኝም አለች። ከሁሉም በላይ ያስከፋችኝ ግን ያች የምቀርባት ናት። ምንም አላለችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አሁን ስልኬን አታነሳም። ቢያንስ እሷ ትረዳኛለች ብዬ ነበር።

አጥፍቻለሁ? ወይስ እነሱን ነው መተው ያለብኝ?

ከአንባቢዎ

የአምዱ መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ።

ከማንኪያዋ ልጀምር። ያን ማታ የሆነውን ለጓደኞችሽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ካልነገርሻቸው ስለ መርፌው ገና ምንም አላወቁም ማለት ነው። በቀላሉ የሚጠግብ ሰው «እኔም እኮ ይርበኛል፣ ግን እተወዋለሁ» ይላል። እሱ የሚተወው ረሃብና አንቺ ስትታገዪው የኖርሽው ረሃብ አንድ ይመስለዋል። አንድ አይደለም። ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ለአንጎል «በቃ፣ ጠግበናል» የሚለውን መልእክት ያደርሳል። ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገያል። ተፈጥሯዊው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። የምትወጊው መድኃኒት የእሱ አምሳያ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ግን ለቀናት ይቆያል። በሳምንት አንዴ የሚበቃሽም ለዚህ ነው። ስለዚህ ያን ማታ ድንገት ጠንካራ ሴት አልሆንሽም። ጠንካራ ድሮም ነበርሽ። ሲጮህብሽ የኖረው ድምፅ ነው ዝቅ ያለው።

«አቋራጭ» የሚለው ቃል እኔንም ያመኛል። እራት ትተሽ 14 ኪሎ የቀነስሽ ጊዜ አጨበጨቡልሽ። እንዴት ሆነሽ እንደቀነስሽው አልጻፍሽልኝም። ግን ይህንን መንገድ ከሄዱ ብዙ ሴቶች ሰምቻለሁ። ራስ ያዞራል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ልጆች ላይ ያስጮኻል። ያኔ ጭብጨባ ነበር። ዛሬ ግፊትሽ ወርዶ፣ ማታ ከልጅሽ ጋር ቁጭ ብለሽ የቤት ሥራ እየሠራሽ፣ ጭብጨባው ቆመ። ታዲያ ሲያደንቁ የነበረው ምኑን ነው? መሰቃየትሽን ነበር ማለት ነው። ክፉ ስለሆኑ ግን አይመስለኝም። ሁላችንም ያደግነው ውፍረት የሆዳምነት ቅጣት ነው፣ መክሳት የጨዋነት ሽልማት ነው እየተባልን ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲያ አምን ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬን «ትንሽ ጠንከር ብትዪ እኮ» ያልኳት ትዝ ሲለኝ ዛሬም አፍራለሁ።

ሐሳቤን ካስለወጡኝ ነገሮች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣ ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ኪሎ የመቀነስ ውድድር የተወዳደሩ 14 ሰዎችን ተመራማሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ መልሰው መረመሯቸው። አብዛኞቹ ከቀነሱት ውስጥ ብዙው ተመልሶባቸዋል። ሰውነታቸው በቀን የሚያቃጥለው ግን ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው! ላባቸውን ጠብ ያደረጉ፣ አገር ሁሉ ያየላቸው ሰዎች ናቸው። ሰውነት የለመደውን ክብደት እንደተወሰደበት ዕቃ ቆጥሮ ሊያስመልስ ይታገላል። ያንቺ 14 ኪሎ 17 ሆኖ የተመለሰው ስለ ሰነፍሽ አይደለም።

ጓደኞችሽ ካሉት ውስጥ ግን እውነት ያለበትም አለ። አልደብቅሽም።

ሲቆም ይመለሳል ያለችሽ ብዙም አልተሳሳተችም። እጥፍ የሚለው ማጋነን ነው። በ2021 የወጣው ትልቅ ጥናት ላይ ሴማግሉታይድ የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። አንቺም እዚያው አካባቢ ነሽ። መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ ክትትል የተደረገላቸው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። የግፊት ክኒን ሲቆምም ግፊት ይመለሳል፤ ክኒኑን ግን አቋራጭ ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። እስከ መቼ እንደምትወስጂው ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ለብቻሽ ድንገት አታቁሚው። ከስብ ጋር ጡንቻም ስለሚቀንስ በእግር መሄዱ ላይ ክብደት ማንሳት ጨምሪበት፣ ፕሮቲንም አታጓድዪ። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ የሆድ ሕመም ቢመጣብሽ ቀን አትቁጠሪ፣ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። ሌላ ልጅ የምታስቢ ከሆነም ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መቆም አለበት።

ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ እባካችሁ መርፌውን ከሰው እጅ አትግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በከንቱ አይደለም። ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በቤተሰቡ ያለበት ሰውም ሊወስደው አይገባም።

«የስኳር በሽተኞችን መድኃኒት ትሻሚያለሽ» ላለችሽ መልሱ አጭር ነው። እጥረት ነበር፣ ብዙ የስኳር ሕመምተኞችም ተቸግረዋል፤ ቁጣዋ ከሜዳ የመጣ አይደለም። መድኃኒቱ ግን በ2021 በአሜሪካ ለክብደት ሕክምናም ተፈቅዷል። ላንቺ ያዘዘችልሽም ሐኪም ናት። «ለመልክ» ማለቷን ግን ተይው። የልብና የደም ሥር ሕመም የነበረባቸው፣ ስኳር የሌለባቸው ከ17,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት በ2023 ወጥቷል። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በድምሩ በ20 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ይሄ የመልክ ነገር አይደለም።

መርፌሽን በሰው ፊት ይዛ የወጣችው ግን አጥፍታለች። የሰው መድኃኒት የሰው ገመና ነው። ለብቻዋ አግኝተሽ ንገሪያት። «የከፋኝ ማወቅሽ አይደለም፣ ሳሎን ይዘሽው መውጣትሽ ነው» በያትና መልሷን ጠብቂ። ይቅርታ ከጠየቀችሽ ጓደኛሽ ናት። ከሳቀች ደግሞ ፍሪጅሽን የምትከፍት ሰው መሆኗ ይቅር። ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ማብራራት የለብሽም። «ሐኪሜ የምትከታተለው ሕክምና ነው» ካልሽ ይበቃል። ነገሩን መልሰው ሲያነሱብሽ ወሬ ቀይሪ፣ እንቢ ካሉ ተነሥተሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ቦርሳዋን አንስታ ስለወጣችው።

እሷ ትረዳኛለች ብዬ ነበር ብለሻል። እኔ ግን እሷን ከሌሎቹ ጋር መቁጠርሽ ልክ አልመሰለኝም። እሷ አልፈረደችብሽም። የምትወስጂውን መድኃኒት ለማንም የመንገር ግዴታ የለብሽም፣ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ዝም ማለት መብትሽ ነው። አንቺ ግን ዝም አላልሽም። በመርፌው ቦታ ሌላ ምክንያት አስቀመጥሽ። እሷም አመነችሽ። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ተነሥታ ስትሄድ፣ ማታ ሳትበላ ስትተኛ፣ ሚዛኑ ላይ ስትቆምና ቁጥሩ እምቢ ሲላት ለራሷ ምን ትል የነበረ ይመስልሻል? «እሷ ቻለች፣ እኔ አልቻልኩም»። ይህን አባባል ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ለራስሽ ስትዪው ኖረሻል። ሳታስቢው ለምትወጃት ሰው አወረስሻት። አንቺም በዚያ ሁሉ ጊዜ «በርቺ» ትያት ነበር።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ለምን እንደደበቅሽ ይገባኛል። የሚሉሽን ቀድመሽ ስላወቅሽ ነው፣ እነሱም አላሳፈሩሽም፣ ያሰብሽውን አሉሽ። ግን አጥፍቻለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። በመርፌው አላጠፋሽም። በእሷ ላይ አዎ፣ አጥፍተሻል።

ስለዚህ ከአምስታችሁ መጀመሪያ መሄድ ያለብሽ እሷ ዘንድ ነው። ስልክ ካላነሳች ጠዋት የምትሄድበትን መንገድ ታውቂዋለሽ። ሂጂና አብረሻት ሂጂ። «ፈርቼ ነው፣ ግን» ብለሽ አትጀምሪ፤ ግን ከመጣ ይቅርታው ይበላሻል። «የቀነስኩት በመድኃኒት ነው። አንቺ ያልቻልሽው ስላነስሽ አይደለም፣ እኔም ያለሱ ሃያ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም። ይህን ማወቅ ሲገባሽ ደበቅሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። ከዚያ እሷ ስትናገር አታቋርጫት። ብትቆጣም ትቆጣ። እሷም ትወጋ ወይም አትወጋ አትምከሪያት፣ እሱ የእሷና የሐኪሟ ነው። ራሷ ከጠየቀችሽ ግን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀቱን፣ ያን ማታ ያስቀመጥሻትን ማንኪያም።