የ«ጥለት» ሽፋንና ሦስቱ ንድፈ ሐሳቦች፦ ከጎንደር ለደረሰን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን፣ የዓምዱ አዘጋጅ። በጎንደር የጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን ተማሪ ነኝ። ለሚዲያ ጥናት ኮርስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር «ጥለት» ብለን የሰየምነውን የፋሽን መጽሔት የፊት ሽፋን ሠርተናል። ፎቶውን ያነሣነው ከፋሲል ግንብ አጥር ውጭ ሲሆን፣ አንዲት ጓደኛችን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ትታያለች። ፎቶው ከደረት በላይ ስለሆነ የነጠላዋ ጥለት እንዲታይ ብለን ወደ አንገቷ ከፍ አድርገን አለበስናት፤ እሷም ጫፉን በጣቶቿ ነካ አድርጋዋለች። በግራ በኩል «የጥር ሙሽሮች ምርጫ»፣ በቀኝ በኩል «ከሸማኔው እጅ እስከ ሠርጉ አዳራሽ» የሚሉ ርዕሶች አሉ። አብሮ በሚቀርበው ጽሑፍ ለምልክት ተንታኙ ሮላን ባርት፣ ለባህልና ሚዲያ ተመራማሪው ስቱዋርት ሆልና ለፊልም ተንታኟ ሎራ መልቪ አንድ አንድ ገጽ ሰጥተን ንድፈ ሐሳባቸውን አብራራን። መምህራችን ግን «ንድፈ ሐሳቡ ለብቻው፣ ሽፋኑ ለብቻው ቆሟል» ብለው መለሱልን። አሻሽለን እንድናስገባ ጊዜ ተሰጥቶናል። ከየት እንጀምር? ፎቶውንስ እንደገና ማንሣት ይኖርብን ይሆን?

መልስ፦ ከሽፋኑ ጀምሩ። በደብዳቤያችሁ የዘረዘራችኋቸው ነገሮች፣ ማለትም የጥለቱ አቀማመጥ፣ የፊቷ አቅጣጫ፣ የጣቶቿ አያያዝና ግንቡ፣ እያንዳንዳቸው እናንተ የወሰናችኋቸው ናቸው፤ አንድ ንድፈ ሐሳብ በጽሑፋችሁ ውስጥ ቦታ የሚያገኘውም ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱን ሲያስረዳ ወይም ጥያቄ ውስጥ ሲያስገባ ብቻ ነው።

ባርት ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከተነተናቸው ነገሮች አንዱ የመጽሔት የፊት ሽፋን ነበርና። ፓሪ ማች በተባለው የፈረንሳይ መጽሔት ሽፋን ላይ የፈረንሳይ ጦር ልብስ የለበሰ ጥቁር ወጣት ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። እማሬያዊ ፍቺው፣ ማለትም በቀጥታ የሚታየው ነገር፣ ይኸው ብቻ ነው። ባርት ግን ምስሉ ፈረንሳይ ታላቅ ግዛት መሆኗን፣ ልጆቿም ያለ ቀለም ልዩነት በታማኝነት እንደሚያገለግሏት እንደሚናገር፣ በዚህም የቅኝ ግዛትን ታሪክ እንደ ተፈጥሯዊ ነገር እንደሚያስመስል አሳየ። ልብሱ፣ ሰላምታውና የዓይኑ አቅጣጫ አስቀድመው ባይገለጹ ኖሮ ድምዳሜው በአየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር። የእናንተም ጽሑፍ የጎደለው ይህ ነው።

እስቲ በጥለቱ እንየው። እናንተ ጥለቱን ወደ አንገቷ ከፍ ያደረጋችሁት በፎቶው ክፈፍ ውስጥ እንዲገባ ነው፤ ምክንያቱ ሙያዊ ነው፣ የሚያስነቅፍም አይደለም። ነገር ግን ነጠላ አለባበሱ ራሱ የሚናገር ልብስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚለበስበት ሥርዓት አለው፤ ለቅሶ ሲሄዱ ደግሞ ጥለቱ ወደ አንገት ይሆናል። እንግዲህ አንዲት በዕድሜ የገፉ የጎንደር እናት ሽፋኑን ቢያዩ በመጀመሪያ የሚያነቡት ሐዘንን ሊሆን ይችላል፤ ከጎኑ ያለው ርዕስ ግን ስለ ጥር ሙሽሮች ያወራል። ባርት እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጽሑፉ፣ ከምስል ጋር የሚቀርብ ጽሑፍ ምስሉ ከሚሸከማቸው ብዙ ፍቺዎች አንዱን መርጦ እንደ መልሕቅ ያጸናል ይላል። «የጥር ሙሽሮች ምርጫ» የሚለው ርዕሳችሁ ይህን ሥራ ለመሥራት ይሞክራል፤ ነጠላው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። ይህን ግጭት በግልጽ ብታስረዱ፣ ስለ መልሕቅነት አንድ ገጽ ሙሉ ከማብራራት ይልቅ ንድፈ ሐሳቡን መረዳታችሁን ያሳያል።

ወደ ሆል የምትሸጋገሩትም በዚሁ ነው። ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ቴሌቪዥን ባቀረበው ጽሑፍ፣ አዘጋጁ በመልእክቱ ውስጥ ያኖረውና ተቀባዩ የሚፈታው ፍቺ የግድ አንድ እንደማይሆን አስረድቶ፣ ሦስት የአነባበብ አቋሞችን ለየ፦ የታሰበውን ፍቺ እንዳለ መቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ለራስ ኑሮ በሚስማማ መንገድ ማሻሻል፣ መቃወም። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር ስላለ ጠንከር አድርጌ ልናገር። ነጠላውን በለቅሶ ሥርዓት ያነበቡት እናት ተቃዋሚ አንባቢ አይደሉም። በሆል አገባብ ተቃዋሚ የሚባለው የታሰበውን ፍቺ በሚገባ ተረድቶ የማይቀበለው ነው፤ ለምሳሌ «ሽፋኑ ሠርግን የልብስ ወጪ ውድድር ያደርገዋል» ብሎ መጽሔቱን የሚያስቀምጥ ወጣት። ቀሚሱን ወድዳ «እኔ ግን ተከራይቼ ነው የምለብሰው» የምትል ሙሽራ መካከለኛውን አቋም ይዛለች። እናቲቱ ግን ከእናንተ በተለየ የምልክት ሥርዓት ነው ያነበቡት። እነዚህን አንባቢዎች በምናብ አትፍጠሯቸው። ሽፋኑን አትማችሁ ለጥቂት ሰዎች፣ በተለይም በዕድሜ ለተለያዩ ሴቶች አሳዩ፤ ምን እንዳዩ ብቻ ጠይቁ፣ የእናንተን ሐሳብ አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ ያሉትንም በራሳቸው አነጋገር ጻፉ።

መልቪን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጽሑፏ የሚመለከተው የሆሊውድን ፊልም ነው፤ የካሜራው፣ የወንዱ ገጸ ባሕርይና የተመልካቹ ዕይታ ተደራርበው ሴቷን የመታየት ዕቃ ያደርጓታል ትላለች። የእናንተ ሽፋን ታሪክ የማይተርክ አንድ ፎቶ ነው፤ አንባቢዎቹም በአብዛኛው ሙሽሮች፣ ማለትም ሴቶች ናቸው። ስለዚህ «ሽፋናችን የወንድን ዕይታ ያንጸባርቃል» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ለእናንተ ፎቶ ይበልጥ የሚቀርበው የማኅበረሰብ ተመራማሪው የኤርቪንግ ጎፍማን ጥናት ነው። ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ መልክ በወጣው ሥራው፣ በማስታወቂያ ፎቶዎች ላይ ሴቶች ዕቃን ጨብጠው ከመያዝ ይልቅ በጣቶቻቸው ጫፍ ነካ እንደሚያደርጉ ወይም እንደሚዳስሱ አስተውሏል። የጓደኛችሁን ጣቶች ተመልከቷቸው፤ ያንኑ እያደረጉ ነው። ማን እንዲህ አድርጊ አላት? እናንተ ናችሁ ወይስ እሷ ራሷ ከለመደችው የመጽሔት ፎቶ አመጣችው? ይህን ጠይቃችሁ መልሱን ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ፊቷ ወደ ጎን መዞሩም መነሣት አለበት። ምስል እንዴት እንደሚነበብ ያጠኑት ክሬስና ቫን ሊዌን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ከተመልካቹ አንድ ነገር እንደሚጠይቅ፣ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞረ ሰው ግን ለመታየት እንደሚቀርብ ይገልጻሉ። እናንተ ባላችሁበት ከተማ ይህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣሉ ነበር፤ በዚያው በጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው የሁለቱን ዓይን ኃይል ያውቀዋል። ይህ ሕግ ለፋሽን ፎቶ ይሠራል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን የጎንደር ተመልካች የፊትን አቅጣጫ በማንበብ ረገድ ከማንም በፊት የተማረ በመሆኑ፣ ይህን ማንሣት ትንተናችሁን የራሳችሁ ያደርገዋል።

ስለ ግንቡ አጭር ነገር ልበል። የቀሚስ ዲዛይን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንብ ሥር ሲቆም ግን ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስላል፤ ባርት ስለ ፓሪ ማች ሽፋን የተናገረውን እዚህ ተጠቀሙበት። በቀኝ ያለው ርዕስ ደግሞ ሸማኔውን በስም ይጠራዋል፤ በምስሉ ላይ ግን የለም። «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲናቅ የኖረ ባለሙያ በእጁ ሥራ ብቻ ተወክሎ ፊቱ ሳይታይ መቅረቱ፣ ሆል ስለ ውክልና፣ ማለትም ሰዎች በሚዲያ እንዴት ተደርገው እንደሚቀርቡ፣ ከጻፈው ጋር አገናኝታችሁ ልትጽፉበት የሚገባ ጉዳይ ነው። እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ፎቶውን እንደገና ማንሣት ግዴታ አይደለም። መምህራችሁ ከፈቀዱ፣ ጥለቱ ወደ ታች የወረደበትና ጓደኛችሁ ወደ ካሜራው የምታይበት ሁለተኛ ፎቶ አንሡ፤ ሁለቱንም ለእነዚያው ሰዎች አሳይታችሁ የአነባበባቸውን ልዩነት መዝግቡ። ካልፈቀዱ ግን የመጀመሪያውን እንዳለ አቅርቡት፤ ጥለቱን ለምን ከፍ እንዳደረጋችሁት፣ ሰዎቹም ምን እንዳነበቡበት ሳትሸፋፍኑ ጻፉ። የገጽ ገደቡ ከጠበባችሁ የምትቀንሱት ከንድፈ ሐሳብ አውጪዎቹ የሕይወት ታሪክ ይሁን።