ቱቦው የተነካ ድርብ ጠመንጃ፦ ጥያቄና መልስ

«ያገለገለ የእንግሊዝ ባለሁለት ቱቦ ጠመንጃ፣ .470 ናይትሮ ኤክስፕረስ የተባለ ጥይት የሚተኩስ፣ ልገዛ አስቤያለሁ። ቱቦው መቆረጡን በምን ልወቅ?»

ጥይት እንደሌለበት አይተው ይዝጉት። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብተው መጨረሻው እስኪነካ ይግፉ፤ በአፈሙዙ ልክ ምልክት አድርገው ይለኩ። 24፣ 26 ወይም 28 ኢንች የተለመደ ነው፤ 23 ከሩብ ግን ያጠራጥራል። ልኩ ብቻውን አያሳምንዎት፤ 28 የነበረው 26 ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙን ፊት ለፊት ይዩ፦ በሁለቱ ቱቦዎች መሐል በእርሳስ ብየዳ የተያዘ ሽብልቅ መኖር አለበት። መጋዝ ሲያልፍ ሽብልቁም አብሮ ይሄዳል፤ በቦታው ክፍተት ወይም ሻካራ ብየዳ ይቀራል።

«ሻጩ ‹ማጠሩ ለጫካ ይመቻል› ይላል። ታዲያ ምን ይከፋል?»

መመቸቱስ ይመቻል። ነገር ግን ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ፊት እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። የቀኙ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ሠሪው ይህን አስቦ ነው ሁለቱም አንድ ቦታ እንዲመቱ የሚያጋጥማቸው፣ ያውም ለአንድ ዓይነት ጥይት። ለ.470 የተለመደው 500 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) የሚመዝን አረር፣ በሰከንድ 2150 ጫማ ገደማ ነው። ቱቦው ሲያጥር አረሩ ውስጡ የሚቆይበት ጊዜም ፍጥነቱም ስለሚለወጥ ስምምነቱ ይፈርሳል።

ባለሙያ መርምሮ ከፈቀደ በኋላ በ50 ሜትር ቀኝ፣ ግራ እያሉ አራት ጥንድ ይተኩሱ፤ በየጥንዱ መሐል ቱቦዎቹ ይቀዝቅዙ። የቀኙ አረር ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥይቱ ለዚያ ቱቦ ፈጥኗል። የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ከራቀ ዘግይቷል። ጥቂት ልዩነት በባሩድ መጠን ይታረማል፤ ከዚያ ያለፈው ብየዳውን ፈትቶ እንደገና ማጋጠም ይጠይቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

«ቀለሙ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።»

በፈላ ኮስቲክ ጨው ተነክሮ ከሆነ ጨው የእርሳስ ብየዳውን ይበላል። ቱቦዎቹን ከሰደፉ ለይተው በገመድ አንጠልጥለው በጣት አንጓ ይንኳቸው፦ ቱቦዎቹ እንደ ደወል መጮኽ አለባቸው። ድምፁ ከደነቆረ የሆነ ቦታ ብየዳው ለቋል።

«ካሊበሩ (የቱቦው ውስጥ ስፋት) ሰፍቶ ቢሆንስ?»

ዘይት የተቀባ ለስላሳ የእርሳስ ብረት በቱቦው አሳልፈው በማይክሮሜትር ይለኩ፤ ለ.470 12.04 ሚሊሜትር ገደማ ይጠበቃል። ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጥይት ቤትም ባለሙያ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት አፍስሶ ቅርጹን ያውጣ። ከፍተሻ (የቱቦው ጥንካሬ ሙከራ) በኋላ የተሰፋ ቱቦ በለንደን ወይም በበርሚንግሃም የፍተሻ ቤት ዳግም ተፈትኖ አዲስ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ልኩና ማኅተሙ ካልተስማሙ፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን አይግዙት።